ያላነበብኩት ምዕራፍ

«የንባብ ባህላችን ሞቷል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በሕይወቴ ስንት ጊዜ እንደተናገርኩት አንድዬ ይወቀው። የምሠራው ዲላ ውስጥ ባለ አንድ አነስተኛ ሬዲዮ ጣቢያ ነው። ጠዋት ጠዋት የአካባቢውን ዜና አነባለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የመጻሕፍት ዝግጅት አለኝ። እንግዳ ሆኖ የመጣ ሁሉ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህርም ይሁን ገጣሚ ነኝ ባይ፣ ማይክሮፎኑ ፊት ገና ከመቀመጡ ስለ ሞተው ንባብ ማልቀስ ይጀምራል። እኔም አብሬ አለቅሳለሁ። ለቅሶው ደስ የሚል ነገር ነበረው፤ የሚያለቅሰውን ሰው ከማያነበው ሕዝብ ከፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል።

ደግሞ ምክንያት አላጣሁም ነበር። መናኸሪያው አጠገብ መጽሐፍ ያዞር የነበረው ሰው የስልክ ሽፋንና ቻርጀር መሸጥ ጀምሯል። ዋናው መንገድ ላይ ያለችው መጽሐፍ ቤት መደርደሪያዋን ለደብተርና ለፈተና መለማመጃ ለቃለች። ወረቀት ተወደደ የሚለውን ዜና ባነበብኩ በሳምንቱ፣ ባሰበት የሚለውንም የማነበው እኔው ነኝ። አዲስ መጽሐፍ በጠቀስኩ ቁጥር ተማሪዎቹ «ፒዲኤፉ የለሽም እንዴ?» ብለው መልእክት ይልኩልኛል። በዚህ ሁሉ መሃል ማንም ሳይሾመኝ ራሴን የመጽሐፍ ጠበቃ አድርጌ ሾሜ ነበር። ከሬዲዮው ጎን ለጎን የሰው ረቂቅ እያረምኩ ለኅትመት አደርሳለሁ። «እጇ አይምርም» ይሉኛል። እንዲህ ሲሉኝ ልቤ ይሞቅ ነበር።

መምህሩ የመጡት በዚህ ኩራቴ መሃል ነው። ከወናጎ ወደ ላይ ባለ የገጠር ቀበሌ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ዝናቡ ኮታቸውን አበስብሶታል፤ በፌስታል የጠቀለሏቸውን አራት ደብተሮች ግን ጠብታ አልነካቸውም። ጣቢያው በር ላይ የጫማቸውን ጭቃ ሲጠርጉ ብዙ ቆዩ። ገብተው ሲቀመጡ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደሚያዳምጡኝ ነገሩኝና ደብተሮቹን ጠረጴዛዬ ላይ አንድ በአንድ ደረደሩ።

«የሰፈራችን ትምህርት ቤት እንዴት እንደተሠራ ነው የጻፍኩት» አሉኝ። «አየሽ ልጄ፣ እኔ አስተማሪ ነኝ እንጂ ደራሲ አይደለሁም። አንቺ ታውቂያለሽ። እዪልኝ።»

አየሁላቸው። ደብተሮቹን ኮምፒውተር ቤት አስተይቤ፣ ቀይ እስክርቢቶዬን ይዤ ተቀመጥኩ። መጽሐፉ ከጠበቅኩት በላይ ጥሩ ነበር። በልጅነታቸው ፊደል ለመቁጠር እስከ ወናጎ በእግር ይወርዱ እንደነበር፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ወንዙ ሞልቶ ከትምህርት እንደሚያስቀራቸው፣ በመጨረሻ የሰፈሩ ሰው ተማክሮ በገዛ እጁ ትምህርት ቤት ሊሠራ እንደተነሣ ይተርካል። ሥራው የተጀመረው የቡና ለቀማ ባለቀ ማግስት ነው፤ እሳቸው ያኔ የዐሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ነበሩ። አፋቸውን የፈቱት በጌዴኦኛ ቢሆንም አማርኛቸው ቀጥተኛ ነው፣ ሳያስጌጥ የሚናገር። ብዙም የማርመው አላገኘሁም፤ እውነቱን ለመናገር ይህም ትንሽ ቅር አሰኝቶኛል።

ከዚያ አንድ ምዕራፍ ላይ ደረስኩ። ከዳር እስከ ዳር የሰው ስም ነው። ከእያንዳንዱ ስም ቀጥሎ ያ ሰው ምን እንዳመጣ ወይም ምን እንደሠራ ተጽፏል፤ ግንድ፣ ቀርከሃ፣ ድንጋይ፣ ውሃ፣ ለሠራተኛ የሚሆን ቆጮ። የመጀመሪያውን ገጽ አነበብኩ። ሁለተኛውን በዓይኔ ዳሰስኩት። ከዚያ ስንት እንደቀረኝ ለማየት ወደ ኋላ ገለባበጥኩ፤ ምዕራፉ ሠላሳ አንድ ገጽ ነበር።

«ይኼ የዕድር መዝገብ እንጂ ሥነ ጽሑፍ አይደለም» አልኩ ለራሴ። ሠላሳ አንዱንም ገጽ ከጥግ እስከ ጥግ በቀይ ሰረዝኩ። በቦታው አንድ ዓረፍተ ነገር አስገባሁ፤ «ብዙ ሰዎች ተባብረው ትምህርት ቤቱን ሠሩት።» ስጽፈው ምንም አልተሰማኝም። እንዲያውም አጭርና ልቅም ያለ ሆነልኝ ብዬ ነበር።

መምህሩ እርማቱን ሊያዩ በሌላ ሳምንት መጡ። ሌሎቹን ገጾች ቶሎ ቶሎ አለፉ። የተሰረዘው ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ ግን ሠላሳ አንዱንም ገጽ አንድ ሳይዘሉ፣ በጣታቸው ጫፍ እያነሱ ገለጡ።

«ይኼ ይቀራል?» አሉኝ።

«ይቀራል ጋሼ። አንባቢ ይሰለቻል። ወረቀቱም እንደሚያዩት ነው። እንዲህ ሲሆን መጽሐፉ ይቀልላል።»

«እሁድ እሁድ ከጸሎት ስንወጣ ለሰፈሩ ሰዎች የማነብላቸው ይችን ነው።»

«ደግ አድርገዋል» አልኩ፣ ዓይኔን ከሚቀጥለው ገጽ ሳላነሳ።

ዝም አሉ። ዝምታቸው ረዘመ፤ ከውጭ የባጃጅ ጡሩምባ ሲሰማ አስታውሳለሁ። እዚህ አገር ትልቅ ሰው ዝም ሲል «አልተስማማሁም» ማለቱ ሊሆን እንደሚችል፣ ዲላ ተወልጄ ማደጌ ብቻውን ሊያስተምረኝ ይገባ ነበር። ፊት ለፊት አይሟገቱም። ዝም ብለው፣ አንተው መልሰህ «ምነው?» ብለህ እንድትጠይቃቸው ጊዜ ይሰጡሃል። እኔ አልጠየቅኩም። ሰዓቴን አየሁ።

«ይሁን» አሉ በመጨረሻ፤ ባርኔጣቸውንም አነሱ።

መጽሐፉ አዲስ አበባ ታትሞ የደረሰው የምርቃቱ ዋዜማ ነው። ምርቃቱን ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ፤ አዳራሹን ከአንድ ትምህርት ቤት ለምኜ፣ በሬዲዮ ለሁለት ሳምንት አስተዋውቄ። ከዩኒቨርሲቲው ሠላሳ ሰው ቢመጣ ብዬ አርባ ወንበር አስደረደርኩ። ስለ ሞተው የንባብ ባህላችን የጻፍኩት ሦስት ገጽ ንግግር ኪሴ ውስጥ ነበር።

ከዩኒቨርሲቲው የመጡት ዘጠኝ ናቸው። ከመምህሩ ሰፈር ግን ሁለት አይሱዙ ሙሉ ሰው መጣ። የቤተ ክርስቲያን ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጃንጥላቸውን እያራገፉ ገቡ፤ ከጪጩና ከዲላም ዘመዶቻቸው ተጨመሩ። ወንበሩ አለቀ፤ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ፤ መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀመጡ። ገና ዝግጅቱ ሳይጀመር መጽሐፉን ሊገዙ ተሰለፉ። ማንበብ የማይችሉ ሴቶች ለየልጆቻቸው አንድ አንድ ብለው ሦስትና አራት ሲገዙ አየሁ። ይህን ያህል ዘመን በመጽሐፍ ዙሪያ ስኖር መጽሐፍ እንዲህ ሲፈለግ አይቼ አላውቅም። በደስታ እግሬ መሬት አልነካ አለኝ። ንግግሬን ምን ብዬ እንደማሻሽለው ማሰብ ጀምሬ ነበር።

ከዚያ መጽሐፉን ከፈቱት። ማንበብ በሚችል አንድ ሰው ዙሪያ አምስትና ስድስት ሆነው ተሰበሰቡ። ጣት በገጹ ላይ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ገጹ ይገለጣል፤ እንደገና ወደ ኋላ ይመለሳል። ጫጫታው ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሄደ። ምን እንደሚፈልጉ አልገባኝም። መብራቱ አነሳቸው ብዬ መጋረጃው እንዲከፈት አዘዝኩ።

አንዲት አሮጊት ሰዉን እየገፉ ወደ እኔ መጡ። ነጠላቸውን አገጫቸው ድረስ ተከናንበዋል፤ መጽሐፉን በሁለት እጃቸው ይዘውታል። «እማማ» እያልኩ የምጠራቸው እኚህን ሴት ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋቸው። አማርኛ ለእሳቸው የገበያ ቋንቋ ነው፤ ወንድና ሴት አይለዩበትም።

«አንተ ነህ ሬድዮ ላይ የምታወራው?»

«አዎ እማማ፣ እኔ ነኝ።»

«ጥሩ። የኔ ሰውዬ የት ጋ አለ?»

«ማን እማማ?»

«ባሌ ነዋ። ከጣሪያ የወደቀው። መምህር ሁልጊዜ ያነባል። አሳየኝ፣ የት ጋ ነው?»

ከጣሪያ የወደቀ ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር። ከሁሉ በላይ ይህ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። ምዕራፉን መቁረጤ አንድ ነገር ነው፤ አላነበብኩትም። አርታዒ አይቶና መዝኖ ቢቆርጥ ሥራው ነው፣ ቢሳሳትም ሰው ነው። እኔ ግን ሃያ ዘጠኝ ገጽ ሳላይ ሰርዤ፣ ኪሴ ውስጥ «ሕዝባችን አያነብም» የሚል ንግግር ይዤ፣ ሊያነብ ከመጣ ሕዝብ ፊት ቆሜያለሁ። መጽሐፉን ከእጃቸው ተቀብዬ፣ እንደሌለ እያወቅኩ፣ እንደሚፈልግ ሰው ገጾቹን ገለባበጥኩ።

ጥያቄው እስከዚያ አዳራሹን ሞልቶት ነበር። ከኋላ አንድ ሰው በጌዴኦኛ ወደ መምህሩ ተናገረ፤ ሌላው ተከተለው። መምህሩ ከወንበራቸው ተነሱ። መጀመሪያ በጌዴኦኛ፣ ቀጥሎ እኛም እንድንሰማ በአማርኛ ተናገሩ።

«ስሞቹን ከመጽሐፉ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። መጽሐፉ እንዳይበዛ ብዬ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሌላ ሰው የለበትም።»

ወደ እኔ አላዩም። ማይክሮፎኑ እጄ ላይ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር፤ «የለም፣ እኔ ነኝ» ማለት። አፌን ከፈትኩ።

«አሁን ወደሚቀጥለው መርሐ ግብራችን እናልፋለን» አልኩ።

በዜና አንባቢ ድምፄ ነው ያልኩት፣ ልስልስ ባለው። ያን ድምፅ እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ።

ማንም አልጮኸም። ማንም መጽሐፉን አልመለሰም። በፌስታል ጠቀለሉት፣ ዝናቡ እስኪያባራ እንኳ ሳይጠብቁ ወጥተው አይሱዙዎቹ ላይ ወጡ። ከመምህሩ ጋር ተጨባብጠው የሄዱ አሉ፤ በአጠገባቸው ዝም ብለው ያለፉት ግን ይበዛሉ። እኔ ለዘጠኙ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ንግግሬን አነበብኩላቸው። አጨበጨቡልኝ።

በማግስቱ ጠዋት የምርቃቱን ዜና የጻፍኩትም ያነበብኩትም እኔ ነኝ። «በርካታ ነዋሪዎች በተገኙበት» የሚለው ላይ ስደርስ ምላሴ ተሳሰረ። በቀን ስንት ጊዜ የምለው ቃል ነው። ነዋሪዎች ቅሬታ አቀረቡ፣ አርሶ አደሮች ተናገሩ፣ ወላጆች ጠየቁ። የሥራ ባልደረባዬ ኋላ ነገሩን ስነግራት «ዜና እኮ እንዲህ ነው፣ የሁሉን ሰው ስም ልትጠሪ ነው?» ብላ ልታጽናናኝ ሞከረች። እውነቷን ነው። ግን እኔ በዚያ ልማዴ የሰው መጽሐፍ አርሜ ነበር፤ የአንድ መንደር ሰው «ብዙ ሰዎች» ተብሎ ወጣ።

ለመምህሩ ደጋግሜ ደወልኩ። አያነሱም። አንድ ወር ገደማ ካለፈ በኋላ የዚያው ሰፈር ልጅ የሆነ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግጥም ሊያሳየኝ ጣቢያው መጣ። ስለ ግጥሙ ከማውራታችን በፊት ስለ መምህሩ ጠየቅኩት።

«እሁድ እሁድ ማንበብ ትተዋል» አለኝ። «ሰዉም ከጸሎት እንደወጣ ወደ ቤቱ ነው። ‹ስማችንን በወረቀት ለወጠው› ይሏቸዋል። ፊት ለፊት አይደለም፣ ግን ይሰማሉ። አሁን ቸርችም የሚቀመጡት ኋላ፣ በሩ ጋ ነው። ሙዳቸው ጥሩ አይደለም።»

እሳቸው ፊደል ያስቆጠሯቸው ሰዎች ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ሆኗል ማለት ነው። ለሠላሳ ዓመት ያነበቡላቸውን፣ እኔ በግማሽ ሰዓት አጥፍቼ ጥፋቱን ለእሳቸው አሸክሜያቸዋለሁ። ቢሆንም ወዲያው ተነሥቼ አልሄድኩም። ሁለት ሳምንት ዘገየሁ፤ ምክንያቱም ፈራሁ። ነገሩ ቢወራ ማን ረቂቁን ይሰጠኛል? ቅዳሜ ማን ያዳምጠኛል? የሰውን ሁሉ ስም እንዲያ እንደዋዛ የሰረዝኩ ሴትዮ ለራሴ ስም ሳስቼ ተቀመጥኩ።

ደብተሮቹ አሁንም እኔ ጋ ነበሩ። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የስሞቹን ደብተር አውጥቼ ከመጀመሪያው መስመር ጀመርኩ። ስሞቹን እዚህ አልጽፋቸውም፤ ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ ሁለተኛ አልነካቸውም። ከስሞቹ ቀጥሎ ያለውን ግን ልናገር። አንዱ ዓይነ ስውር ነበር፤ ድንጋይ መሸከም ስላልቻለ መንገዱ ዳር ተቀምጦ ለሚሸከሙት ይዘምር ነበር። አንዷ በሥራው ቀን ምጥ ያዛትና ቀረች፤ በሳምንቷ ሕፃኑን አዝላ ውሃ ልትቀዳ መጣች፣ «ቤትሽ ግቢ» ቢሏት እምቢ አለች። ሁለት ወንድማማቾች በመሬት ተጣልተው አይነጋገሩም ነበር፤ አንድ ግንድ ጫፍና ጫፍ ይዘው ከጫካው እስከ ግቢው አንድ ቃል ሳይለዋወጡ ተሸክመው አደረሱት። አንዱ ደግሞ ምንም አላመጣም፤ «ሊያይ መጥቶ ነበር፣ ቆሞ አየ» ይላል።

ከመጽሐፉ ሁሉ ምርጡ ይህ ምዕራፍ ነበር። እዚያው ወንበሬ ላይ አለቀስኩ፤ ከማፈሬም፣ ጽሑፉ ከማማሩም። ከጣሪያ የወደቀውንም ሰው እዚያው አገኘሁት።

እሁድ ጠዋት በሚኒባስ ወናጎ ወረድኩ፤ ከዚያ በባጃጅ መንገዱ እስከሚያስኬድ፣ የቀረውን በእግሬ ወጣሁ። ተማሪው እንደምመጣ ለሰፈሩ ሽማግሌዎች ቀድሞ ነግሯቸው መንገድ ላይ ጠበቀኝ። ከእንሰቱና ከቡናው መሃል መዝሙሩ ይሰማል፤ ጸሎቱ ገና አላለቀም። ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ሽማግሌዎች ጉዳይ የሚያዩበት ሣር ሜዳ አለ፤ ሶንጎ ይሉታል። እዚያ ቆሜ ጠበቅኩ። ሰዉ ከጸሎት ሲወጣ ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ሣሩ ላይ ክብ ሠርቶ ተቀመጠ። መምህሩ ዳር ላይ ተቀመጡ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው።

ሶንጎውን የሚመሩት ሽማግሌ እንድናገር ፈቀዱልኝ። ተማሪው እየተረጎመልኝ ተናገርኩ። ስሞቹን ያወጣሁት እኔ እንደሆንኩ፣ መምህሩ የኔን ጥፋት እንደተሸከሙልኝ፣ እኔም ያን ቀን ማይክሮፎን ይዤ ዝም እንዳልኩ ነገርኳቸው። ስጨርስ ማንም አልተነፈሰም። ዝምታው ረዘመ። አሁን ግን ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ የቀረኝ ነገር ነበር፣ እሱን እየጠበቁ ነው።

«ደግሞም ሳላነበው ነው የቆረጥኩት» አልኩ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ምዕራፉን ለብቻው አሳትሜ እንደማመጣ መናገር ስጀምር እጃቸውን አነሱ።

«እሱ ኋላ ይሆናል» አሉ። «መጀመሪያ አንብቢው። አሁን፣ እዚሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።»

ደብተሩን ሳወጣ እማማ ከሴቶቹ መሃል ጠሩኝና የራሳቸውን መጽሐፍ ከፍተው አሳዩኝ። የኔ ዓረፍተ ነገር ያለበት ገጽ ነው። «ብዙ ሰዎች» የሚለው በሰማያዊ እስክርቢቶ ተሰርዞ ከላዩ የአንድ ሰው ስም በደማቁ ተጽፏል። ጎረቤታቸው ያለች አስተማሪ ናት የጻፈችላቸው። «ሁሉም እንዲህ አድርጓል» አለኝ ተማሪው፤ «የየራሱን ሰው።» መጽሐፉን በሁለት እጄ መለስኩላቸው።

ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። ስማቸውን በትክክል መጥራት አቃተኝ፤ ሃያ ዓመት በድምፄ የኖርኩ ሴትዮ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ተንተባተብኩ። እየተቀባበሉ ያርሙኛል። አንድ ስም ሲጠራ ባለቤቱ ካለ እሱ፣ ከሞተ ከቤተሰቡ አንዱ «አለ» ይላል፤ መምህሩ የክፍል ስም ጥሪ አድርገው አስለምደዋቸዋል። አንድ ሽማግሌ «ሦስት ነው ያመጣሁት፣ ሁለት ቀርከሃ አይደለም» ብለው ተቆጡ። እሺ ብዬ እዚያው በእስክርቢቶ አረምኩላቸው። ሰዉ ሳቀ። መምህሩ ግን መሬት መሬት ያያሉ።

የእማማ ባል ጋ ደረስኩ። ስማቸውን ጠራሁና ቀጥሎ ያለውን አነበብኩ።

«ቆርቆሮ ሲመታ ከጣሪያ ወደቀ። ቤቱ ወስደን አስተኛነው፤ ሦስት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን እጄን ይዞ ‹ጣሪያው አለቀ?› ብሎ ጠየቀኝ። ‹አዎ፣ አልቋል› አልኩት። አላለቀም ነበር።»

«አለ» የሚል ጠበቅኩ። ቀና ስል መምህሩ ፊታቸውን በባርኔጣቸው ሸፍነዋል። ተማሪው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«የመጨረሻዋን አንብበውልን አያውቁም» አለኝ። «ሁልጊዜ ‹አልቋል› ላይ ያቆማሉ።»

የዚያን ቀን ቢሮዬ ውስጥ ለምን «ይሁን» እንዳሉ አሁን ገባኝ፤ ምዕራፉ ሲቀር ያቺ ዓረፍተ ነገርም አብራ ትቀርላቸዋለች። እውነት ስለሆነ ጽፈውታል፤ በሚስቲቱ ፊት ግን አፋቸው አልደፈረም። ለሚሞት ሰው የዋሿትን አንዲት ቃል ዕድሜያቸውን ሙሉ ይዘዋት ኖረዋል። እኔ መጀመሪያ ሳላነብ አጠፋሁ፤ አሁን ደግሞ ሁሉንም አንብቤ አጋለጥኳቸው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እማማ ከተቀመጡበት ሳይነሱ በጌዴኦኛ ተናገሩ። ለእኔ አይደለም፣ ለመምህሩ ነው። ቃላቸው አጭር ነበር። ተማሪው ተረጎመልኝ።

«‹ያኔም አውቅ ነበር› ነው የሚሉት። ‹ያን ቀን ውሃ ልቀዳ ስወጣ አይቼዋለሁ። ከደጃችን ጣሪያው ይታያል፤ ግማሹ ክፍት ነበር። አንተ አዎ ስትለው ግን እኔም አጠገባችሁ ነበርኩ፤ እኔም አዎ ብዬዋለሁ።›»

መምህሩ ባርኔጣቸውን ከፊታቸው አወረዱ። እማማ ወደ እኔ ዞሩ።

«አለ» አሉኝ። «ቀጥል።»

ገጹን ገለጥኩና የሚቀጥለውን ሰው ስም ጠራሁ።